ብርድ ልብስ የተሰቀለበት መስኮት

የዙልማ ባሬይሮን የመጀመሪያ ካሴት የሰማ ሁሉ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ይሰማል። ካሴቱ የተበላሸ መስሏቸው ለባለሱቁ የመለሱ ነበሩ። ካሴቱ ምንም አልሆነም። የዙልማ ጣሪያ ያፈስ ነበር። በዚያ ክረምት ፒያኖው አጠገብ ባልዲ አስቀምጠን ስንቀዳ፣ እኔ በጠብታው ተናድጄ ማሽኑን ላጠፋ ስል፣ "ተወው ኤልቢዮ፣ እኔ ሳረፍድ እሱ በሰዓቱ ነው የሚመጣው" አለችኝና ጠብታውን ተከትላ ዘፈነች። ዛሬም ያንን ዘፈን ስሰማ ካልሲዬ የረጠበ ይመስለኛል።

እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ሞንቴቪዴዮ ውስጥ፣ ባሪዮ ሱር በሚባለው ሰፈራችን፣ ዙልማ ፎቁ ላይ ስትኖር የእኔ ሱቅ ከስሯ ነበር። ሁለቱን ካሴትና ሁለቱን ሲዲ፣ ሁሉንም የቀዳኋቸው እኔ ነኝ። ስቱዲዮ ገብተን አናውቅም፤ ምን ቆርጦን! ስቱዲዮአችን ሳሎኗ ነው። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ደራርበን እንሰቅላለን፣ የፍሪጁን ሶኬት እንነቅላለን፣ እሷ ደግሞ በፒያኖው መዶሻዎችና በሽቦዎቹ መካከል ስስ የሱፍ ጨርቅ ታስገባለች። ያን ጊዜ የፒያኖው ድምፅ ከጎረቤት ክፍል፣ ወይም ከትናንትና፣ የሚመጣ ይመስላል። ሰው ጠርተን ፒያኖውን እናስቃኘው ብዬ ስንቴ ለመንኳት። "እኔም ከቅኝት ወጥቻለሁ፣ አብረን እንርጅ" ትለኛለች።

ዘፈኖቿ ምን ዓይነት ናቸው ብትሉኝ ለመናገር ያስቸግረኛል። አዝማች የላቸውም። አያስጨፍሩም። አንዱ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ጥሏት የመጨረሻው ፌርማታ ስለደረሰች ሴት ነው፤ ሹፌሩ አይቀሰቅሳትም፣ መብራቱን አጥፍቶ እስክትነቃ አብሯት ይቀመጣል። ሌላው ስለ ወንዛችን ነው። ወንዝ ይባል እንጂ ባሕር ነው፣ ወዲያ ማዶው አይታይም፤ በዘፈኑ ውስጥ ማዶውን የሚያዩት የተኙ ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ጠዋት ሲነቁም እርስ በርሳቸው አይነጋገሩበትም። ለተኛ ሰው የምታወራ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትዘፍነው። አንድ ጊዜ አንድ ጋዜጠኛ ስለ እሷ ጽፎ "ከተለመደው ወጣ ያለች" አላት። አንብባ ስታበቃ "ከየት ነው የወጣሁት? ይኸው ቤቴ ቁጭ ብያለሁ" አለች።

እንጀራዋ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት በአንድ የባሌ ዳንስ ትምህርት ቤት ለትንንሽ ሴት ልጆች ፒያኖ ትመታለች። ልጆቹ እግር ሲያነሱ ትጫወታለች፣ አስተማሪዋ ስታጨበጭብ ታቆማለች። ከሰዓት በኋላ ማቴ የምንለውን የቅጠል ሻይ በቅል ኩባያዋ አዘጋጅታ፣ ያቺን የብረት መምጠጫ በጥርሷ ነክሳ፣ መስኮቱ ስር ትቀመጥና የሚመጣውን ዘፈን ትጠብቃለች። አንዳንዱ ለመምጣት ዓመት ይፈጅበታል። እኔም ሱቄን ዘግቼ እወጣና አብሬያት እጠብቃለሁ። ሰፈሩ ስለ እኔና ስለ እሷ ብዙ ብሏል፤ ይበል። እወዳታለሁ። ነግሬያት አላውቅም፣ እሷ ግን ታውቃለች፣ ለሁለታችንም በቂ ነው።

በእኛ ሰፈር እሁድ አመሻሽ ላይ ከበሮ ይወጣል። ወንዶቹ በመንገዱ ራስ ላይ በጋዜጣና በሣጥን እንጨት እሳት ያነዱና ከበሮዎቻቸውን ዙሪያውን ያቆማሉ፤ ቆዳው በሙቀቱ ሲወጠርና ድምፁ ሲጠራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መንገዱን ይዘው ይወርዳሉ። ካንዶምቤ የሚባለው ይህ የከበሮ ምት ሲመታ መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም ይወጣል። ቤቱ የሚቀር ታማሚና ዙልማ ብቻ ነው። ዝናብ ከሆነ ቆዳው ስለሚላላ ከበሮው አይወጣም፤ እሷ ስንት ዘፈን የሠራችው በዝናባማ እሁድ ነው። ብትጠሏት አልፈርድባችሁም፣ እኔ ራሴ ዝናብ ሲመጣ እንደ ልጅ እጇን ስታፋትግ ሳያት እናደዳለሁ።

የሚገርመው ደግሞ ከበሮ ሠሪ አባት ነው የወለዳት። አባቷ ዶን ፕላሲዶ ከወይን በርሜል ከበሮ የሚሠራ፣ የከበሮ መቺዎቹ ጓድ አለቃ ነበር። አንድ የጭፈራ ቤት ሲዘጋ ከበሮ ሠርቶ ሰጥቶ በልዋጩ ይህንን ፒያኖ አመጣላት። "ከበሮ ሰጥቶ አልጋ የሚያህል ሣጥን ገዛ" ብለው ዓመት ሙሉ ሳቁበት። እሱ ግን ሁልጊዜ እሁድ ከመውጣቱ በፊት የራሱን ከበሮ እንዳይረብሻት መስኮቷን በገዛ እጁ ይዘጋላት ነበር። የሞተ ጊዜ ጓዱ በእኛ መንገድ ልማድ ሸኘው። ልማዱ እንዲህ ነው፦ ከጓዱ ቤተሰብ ሰው ሲሞት፣ ከበሮው ከሟቹ ቤት አጠገብ ካለው ጥግ ሲደርስ ጸጥ ይላል። እንዳይመታ አድርገው አቅፈውት በእግራቸው ኮቴ ብቻ እስከ ሟቹ በር ይመጣሉ፣ እዚያ ቆመው ሟቹ ይወድ የነበረውን ዘፈን ያንጎራጉራሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሰማይ እስኪሰነጠቅ የሚመቱት። ከዚህ ሌላ በማንም በር ፊት ከበሮ ዝም ብሎ አያውቅም።

ዙልማ የመጀመሪያውን ካሴት ስታወጣ ለጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ እየዞረች አደለች። ያኔ ወጣት ነበረች፣ ልቧ እንደ ከበሮው ይመታ ነበር። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ አንድ ሰው እንኳ "ሰማሁት" አላላትም። አሣ ሻጯ ዶና ኢርማ አሣውን ጠቅልላ ትሰጣታለች፣ ስለ ካሴቱ ግን ቃል አይወጣትም። ወንዶቹ ሰላም ብለዋት ያልፋሉ። ልጆቹ "ልዕልቷ" የሚል ስም አወጡላት። እሷም ከዚያ በኋላ ለሰፈር ሰው አንድም ሥራዋን ሰጥታ አታውቅም። ፊቷን ወደ ፒያኖዋ አዞረች፣ በቃ።

እንግዲህ የዛሬ ዓመት፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ወራሾች ቤቱን ሸጡትና ሊፈርስ ሆነ። ዙልማ ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር። የእህቷ ልጅ ኖኤሊያ ከሩቅ፣ ከሳልቶ ከተማ መጥታ፣ እዚሁ ሞንቴቪዴዮ ሌላ ሰፈር በተከራየችው አፓርታማ አብረው ሊኖሩ ተስማሙ። ችግሩ ፒያኖው ነው። አሳንሰሩ አይችለውም፣ ደረጃው ጠባብ ነው። ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተሸጠ፣ መኪናው ሰኞ ጠዋት ሊመጣ ተቀጠረ። አምስተኛው አልበሟ ያን ጊዜ ሊያልቅ አንድ ዘፈን ቀርቶት ነበር። ቤት ተኝቶ በውስጡ የኖሩትን ሰዎች በሕልሙ የሚያይበት ዘፈን ነው። ያንን ዘፈን ከዚህ ቤትና ከዚህ ፒያኖ ሌላ የትም ልትቀዳው አትፈልግም። እንዳለመታደል ሆኖ ያን ሳምንት ጉሮሮዋ ተዘጋ። ሐሙስ ዕለት ሐኪም ቦርሳውን ይዞ ሲገባና ሲወጣ መንገዱ ሁሉ አየው። ድምፅዋ የተመለሰው እሁድ ጠዋት ነው።

እሁድ!

"ዝናብ አይመጣም?" አለችኝ፣ ገና በሩን ሳልፍ።

"ደመና እንኳ የለም።"

"አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ደስ የሚል ነገር ብትነግረኝ ምን አለበት?"

"ሰማዩን እኔ አልሠራሁት። አታኩርፊብኝ።"

ኖኤሊያ ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች ሣጥን ውስጥ ታስገባ ነበር። "አክስቴ፣ ለምን ከበሮዎቹ ባሉበት አትቀጂውም? ደስ ይላል እኮ" አለች።

"ቤቱ ተኝቷል፣ ዘፈኑ ስለዚያ ነው። በከበሮ መሃል ማን ይተኛል?" ዙልማ የፒያኖውን ክዳን በእጀታዋ ጠረገች። "ሂጂና ዋልዴማርን አነጋግሪው። ዛሬ ብቻ፣ አንድ ቀን፣ በሌላ መንገድ ይሂዱ በይው። እኔ ብጠይቅ ኩራት ይመስላቸዋል።"

ዋልዴማር የአባቷን ቦታ የወረሰው የጓዱ አለቃ ነው፤ በሥራው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር። ልጅቷ ሄደችና ጥቂት ቆይታ ዓይኗ እየበራ ተመለሰች። "እሺ ብለዋል! ደግሞ እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ አቀፉኝ፣ 'አይዞሽ የኔ ልጅ' አሉኝ።" ዋልዴማር ቆንጆ ሲያይ ማቀፍ ልማዱ ስለሆነ እኔን አልገረመኝም። ምን ብላ እንደጠየቀችው የሰማነው በኋላ ነው። 'በሌላ መንገድ ሂዱ' ማለት በእንግዳ አፍ ነውር መስሏት፣ አለስልሳ "በአክስቴ በር ፊት ስትደርሱ ብቻ ዝም ብትሉልን" ነበር ያለችው። የሳልቶ ልጅ በምን ታውቃለች? ዋልዴማርም እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው መቼ ነው፣ በምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይደለም። ሐኪሙን አይቷል፣ በር ላይ የተደረደረውን ሣጥን አይቷል፣ ቀና ሲልም መስኮቱ በጥቁር ብርድ ልብስ ተሸፍኗል።

እኛ ላይ ቤት ሥራችንን ጀመርን። እንዲህ ያለ እልኸኛ ዘፈን አጋጥሞኝ አያውቅም። አንዴ ኖኤሊያ አስነጠሳት። አንዴ ከወደቡ የመርከብ ጥሩምባ ገባበት፤ ይህንንስ ዙልማ ወዳው ነበር፣ ግን ቃሉን ረሳች። አንዴ ደግሞ እስከ መጨረሻው ደርሳ፣ "አይደለም። እያዘንኩ ነው የዘፈንኩት። ቤቱ አያዝንም፣ ተኝቷል" ብላ ተወችው። ብርድ ልብሱ ያሳለፈው ጥቂት ብርሃን ግድግዳው ላይ መጀመሪያ እንደ ማር፣ ኋላ እንደ ሻይ ሆነ። የጋዜጣ ጭስ ሸተተኝ። በመንገዱ ራስ ላይ እሳቱ ተለኩሷል ማለት ነው።

"ይሄዳሉ" አልኳት፣ ፊቷን አይቼ።

"ይሂዱ። ደግሞስ ቢመጡ ምን ያውቃሉ?" አለች። ተቆጥታ አልነበረም፣ ድካም ነበር የተሰማኝ። "ኤልቢዮ፣ እዚህ መንገድ ላይ ተወልጄ ሰባ አንድ ዓመት ኖሬ፣ አንድ ዘፈኔን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ነገ ፒያኖውም እኔም እንወጣለን፣ ማንም አንድ ነገር ጎደለብኝ አይልም። ይህችን አንዷን ግን ጨርሼ ልውጣ። ለቤቱ ነው፣ ለሌላ ለማንም አይደለም።"

አንጀቴን በላችው። 'እኔ አለሁ አይደለም ወይ' ልላት አሰብኩና ተውኩት። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋሁና ማሽኑን አስነሳሁ።

ከበሮው ከሩቅ ተሰማ። ቁልቁል መጣ፣ ቀረበ፣ የመስኮቱ መስተዋት መርገፍገፍ ጀመረ። ዙልማ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ከዚያ ከቤታችን አጠገብ ካለው ጥግ ሲደርስ ጭጭ አለ። ሌላ መንገድ ይዞ የሚርቅ ከበሮ ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው፤ ይህኛው አንድ ሰው በእጁ እንዳፈነው ድንገት ነው የቆመው። እኔ ቅር አለኝ። እሷ ግን ፈገግ አለችና "እግዜር ይስጣቸው" ብላ ጣቶቿን አሳረፈች።

እንዲያ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም። ድምፅዋ ትንሽ ሻክሮ ነበር፣ ከጉሮሮዋ ሕመም የተረፈ፣ ያ ደግሞ ልክ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው አደረጋት። ቤቱ ይተኛል። አንዲት ልጅ በደረጃው ስትወርድ በሕልሙ ያያል፣ ልጅቷ እየወረደች ታረጃለች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ሽበት አላት፣ ቤቱ ግን አሁንም ልጅ ሆና ነው የሚያያት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሕልሙ ውስጥ ያለሁ ይመስል የደረጃውን ኮቴ ሁሉ ሰማሁ። ኮቴው ግን በዛ። ያንዲት ልጅ አይደለም፣ የብዙ ሰው ነው፣ የሚጎተት ጫማ፣ የሚታፈን ሳል። ዓይኔን ገለጥኩ። ድምፁ የሚመጣው ከመንገዱ ነው።

ከዚያ ማንጎራጎር ጀመሩ።

መጀመሪያ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስት፣ ቀጥሎ ሴቶች። ዙልማ እጇን ከፒያኖው ላይ አነሳች። የሚያንጎራጉሩት የአውቶቡሷን ሴት ዘፈን ነበር፣ ያንን ከመጀመሪያው ካሴት፣ አዝማች የሌለውን። ዜማው ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ያስቸግራል፣ እኔ ራሴ እዚያ ላይ እሳሳታለሁ። እነሱ አልተሳሳቱም።

"ምንድን ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ሰው ነው።"

"ሰው መሆኑንማ ሰማሁ! ምን እያደረጉ ነው?"

አሁን ገባኝ፣ ለእሷም የገባት ያን ጊዜ ነው። አባቷን ሲሸኙት እዚሁ መስኮት ላይ ቆማ ሰምታለች። ወደ ኖኤሊያ ዞረች። "አንቺ ልጅ፣ ምን ብለሽ ነው የጠየቅሽው?" ኖኤሊያ ነገረቻት። ዙልማ አፏን በእጇ ያዘች። መቀመጫዋን ገፍታ ተነሳች፣ እኔ ልከለክላት ሳስብ እሷ ብርድ ልብሱን በሁለት እጇ ጨምድዳ ከነምስማሩ ጎትታ ጣለችውና መስኮቱን ብርግድ አደረገችው።

መንገዱ ሙሉ ሰው ነበር። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ከበሮዎቻቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ቆመዋል። ዶና ኢርማ ጥቁር ሻርፕ ለብሳ ከፊት ናት፣ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከአሣ ሻጭ እንጂ ከሌላ ሰው አይወጣም።

"በእናታችን ማርያም! ወጣች!"

"ማን ነው የወጣው? ቤቴ ነኝ!" አለች ዙልማ።

"ዙልማ፣ አንቺ እኮ ሞተሻል!" አለ ዋልዴማር። ግንባሩ ላይ ላብ አለ።

"ማን ገደለኝ?"

"ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ! የእህትሽ ልጅ መጥታ በሩ ላይ ዝም በሉ አለችን። ሐኪሙም መጥቶ ነበር። እኔማ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ አልቅሻለሁ፣ አሁን ማን ይመልስልኛል?"

"እንባህን አስቀምጠው፣ ብዙም አልቆይብህም" አለችው። ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሳቁ ተጋባ፣ ኖኤሊያ ክፍሉ ውስጥ በሳህን ሣጥን ላይ ተቀምጣ በሃፍረት ፊቷን ሸፈነች። እኔ ማዳመጫው አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። ማሽኑ እየዞረ ነው።

ሳቁ ሲበርድ ዙልማ መስኮቱን በሁለት እጇ ያዘችና ጎንበስ አለች። "ያንን ዘፈን ከየት አመጣችሁት?" አለች።

ከበሮ ሲመቱ የማያፍሩ ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ።

"ከካሴቱ ነዋ" አለች ዶና ኢርማ በመጨረሻ። "የሰጠሽኝ።"

"ሰምተሽዋል?"

"ኧረ እስኪበጠስ። ባሌ ባሕር ላይ በነበረበት ጊዜ ማታ ማታ እሱን ካልሰማሁ አልተኛም ነበር። ግን እንዲህ ያለ ዘፈን አደባባይ ወጥቶ ይወራል እንዴ? ለብቻ የሚሰማ ነው። እኔ ብቻ የማውቀው መስሎኝ ነበር።" ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች፣ እንደ መቆጣት እያለች። "እናንተስ ከየት አወቃችሁት?"

"እኔም እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር" አለ አንዱ ከበሮ መቺ። ሌላውም። ሽማግሌው ጫማ ሠሪም። እየተያዩ መሳቅ ጀመሩ፣ ስንት ዓመት በየግድግዳው ጀርባ አንድ ነገር ሲሰርቁ ኖረው ዛሬ መንገድ ላይ እንደተገናኙ ሌቦች።

ዋልዴማር ኮፍያውን በእጁ አዙሮ አዙሮ፣ "እኔ ደግሞ" አለ። "መጨረሻው ፌርማታ ላይ የተኛ ሰው ሳገኝ አልቀሰቅስም። ካንቺ ዘፈን ወዲህ አልችልም። መብራቱን አጥፍቼ ትንሽ እቀመጣለሁ። ተቆጣጣሪው ጽፎብኛል፣ ሰካራም ነው ብሏል፣ ምን ላድርግ? በአባትሽ ነፍስ፣ አልችልም።"

ዙልማ ወደ ክፍሉ ዞረች፤ ፊቷን አየሁት፣ ምን ሆኖ እንደነበረ አልነግራችሁም፣ ያ የእኔ ነው።

"ማሽኑ እየሠራ ነው?"

"አላጠፋሁትም።"

"እንዳታጠፋው።"

ፒያኖው ዘንድ ሄዳ የሱፍ ጨርቁን ከመዶሻዎቹ መሃል መዝዛ አወጣችና ወለሉ ላይ ጣለችው። ተቀመጠች። የአውቶቡሷን ዘፈን መግቢያ መታች። የፒያኖው ድምፅ ያለ ጨርቅ፣ በተከፈተ መስኮት፣ ከነጉድለቱ ወደ መንገዱ ወረደ። እዚያ ታች ጀመሩ። በቃሉ ጀመሩ አሁን፣ ሳያፍሩ፣ ሴቶቹ ከላይ ወንዶቹ ከታች። ዋልዴማር የከበሮ መምቻ ዱላውን ቀበቶው ላይ ሰክቶ ከበሮውን በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ይነካካ ነበር፣ ጠብታ በሚመስል ድምፅ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሐምሳ የሚሆን ከበሮ እንዲያ በቀስታ ሲመታ ሰምታችሁ አታውቁም፣ እኔም ሰምቼ አላውቅም። ሰፈሩ በሙሉ በቁሙ የተኛ ይመስል ነበር፣ ሁሉም አንድ ሕልም የሚያይ። ኖኤሊያ ፊቷን ገልጣ ታዳምጣለች። ዙልማ አፏን ከፈተች፣ ልትዘፍን ነው ብዬ ማይክሮፎኑን አስጠጋሁላት። ምንም አልወጣም። አፏን መልሳ ዘጋችና መጫወቷን ቀጠለች፣ እስከ መጨረሻው።

ሰኞ ጠዋት ፒያኖውን በመስኮት በገመድ ያወረዱት እነዚያው ከበሮ መቺዎች ናቸው። ዶና ኢርማ ከታች ሆና ትእዛዝ ትሰጥ ነበር፣ የሚሰማት ግን አልነበረም። መኪናው ሲሄድ ዙልማ አላለቀሰችም። "ለልጆች ነው የሄደው፣ ይቅናው" ብላ ሣጥኖቿን መቁጠር ጀመረች። ቤቱ አሁን የለም። ሱቄን ሁለት መንገድ ወዲያ አዛወርኩት፣ እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ፌርማታዋን አልፋ ትወሰዳለች።

የቤቱ ዘፈን እንደተቋረጠ ቀረ። ከዚያ በኋላ ልትሞክረው አልፈለገችም። የአልበሙ መጨረሻ ያ የእሁድ አመሻሽ ሆነ። ሥራውን ልናስረክብ ስንል ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብለን ሰማነው፣ እኔም የባለሙያ ነገር ሆኖብኝ አንድ ነገር ቆረቆረኝ።

"ዙልማ፣ እዚህ ላይ የአንቺ ድምፅ የለም እኮ። የአልበሙ ባለቤት አንቺ ነሽ፣ ሰው ዘፋኟ የት ገባች ይላል። በባሌ ዳንስ ትምህርት ቤቱ ፒያኖ ትዘፍኚና እኔ እጨምርበታለሁ። ቀላል ነው።"

ማቴውን መጥጣ አስቀመጠች። ዘፈኑን ከመጀመሪያው እንድመልሰው በእጇ ምልክት ሰጠችኝ።

"አራት አልበም ሙሉ እኔ ዘፍኛለሁ፣ ኤልቢዮ" አለች። "ይህችን ልስማት።"